ከፎቶው ጀርባ ያለው ቁጥር

ኮኪት፣ ታኅሣሥ

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድምዓለም፤

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ፣ ልጆችህ፣ ያ ዘወትር ወገቤን ወገቤን የሚለው ጎረቤትህ ሳይቀር እንደምን አሉልኝ? ብርዱስ እንዴት ይዟችኋል? እዚህ ታኅሣሥም ሆኖ ቀን ላይ ቆርቆሮው እጅ አያስነካም። እኔ አለሁ። «ደህና ነኝ» ብዬ እንዳልጀምር ደብዳቤውን ስትጨርስ ትታዘበኛለህ፤ «ደህና አይደለሁም» እንዳልል ደግሞ ገና ከመጀመሪያው መስመር ተነስተህ መኪና ልትፈልግ ነው። ስለዚህ አለሁ ብዬሃለሁ። ተቀምጠህ አንብበው፤ ለብቻህም አንብበው።

በስልክ ያልነገርኩህ ኔትወርክ ስለጠፋ ብቻ አይደለም። ብቅ ሲልም ስምህን አውጥቼ አይቼው መልሼ ዘግቼዋለሁ። የምነግርህ ነገር በስልክ የሚባል አይደለም። ደብዳቤውን የሚያመጣልህ የአውቶቡስ ሹፌሩ አሸናፊ ነው፤ ከእጁ ወደ እጅህ እንዲያደርስልኝ አስምዬዋለሁ። ይህ መንገድ እንዴት እንደሆነ ታውቃለህና ሻይ ሳታጠጣ እንዳትሸኘው።

መጀመሪያ ስለ ሥራው ልንገርህ፤ ሁሉም የመጣው ከዚያ ነው። ያን የሁለት ቀን የጥቃቅንና አነስተኛ ሥልጠና ከወሰድክ ወዲህ የምትልክልኝን የማስታወቂያ ዘዴ አንድም ሳላስቀር ሞክሬዋለሁ። አሰልጣኙ ትንሽ ሥራ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ራሱን አያስተዋውቅም፣ ሰው ያለበት ሄዶ ይታያል ማለቱን ጽፈህልኝ ነበር። እኔም ልታይ ብዬ «ስመኝ ፎቶ ቤት፣ ከማደያው ፊት ለፊት» የሚል ጽሑፍ ባጃጅ ጀርባ ላይ አስለጠፍኩ። ባጃጁ ሳምንት ሳይሞላው ተበላሽቶ ከተፎካካሪዬ ፎቶ ቤት በር ላይ ቆመ፤ እስከ ዛሬም አልተነሳም። ቀጥዬ በገበያ ቀን በድምፅ ማጉያ የሚለፍፈውን ሰውዬ ቀጠርኩ። እሱ የሚታወቀው የጠፋ አህያ በመለፈፍ ስለሆነ ገበያተኛው ድምፁን ሲሰማ የሚለውን ሳያዳምጥ እየሮጠ መጥቶ «ቀለሟ ምንድን ነው?» ይለኝ ጀመር። ለአንድ ካቦ ደግሞ ሠራተኞችህን ይዘህ ከመጣህ የቡድን ፎቶ በነፃ አነሳችኋለሁ አልኩት። ካቦ እዚህ የቀን ሠራተኞቹን ሰብስቦ እርሻ የሚያስገባቸው አለቃ ነው። ይዟቸው መጣ፤ በነፃ ተነሱ፣ እየተቀባበሉ አዩና ስቀው ሄዱ። እናታችን በስሟ የተከፈተውን ቤት ያን ቀን ብታየው ኖሮ እሷም ትስቅ ነበር።

ግድግዳው ግን ሠራ። ያማሩትን ፎቶዎች በላስቲክ ሸፍኜ ከውጭ ሰቀልኳቸው። እዚህ ያለውን ሠራተኛ ታውቀዋለህ፤ ከእስቴ፣ ከጋይንት፣ ከወሎ፣ ከጎጃም አረም ሊያርም፣ ሰሊጥ ሊያጭድ የወረደ ነው። ለእሱ ፎቶ ጌጥ አይደለም። አገር ቤት ያለች እናቱ ስክሪን ያለው ስልክ የላትም፤ ወደ ደጋ በሚመለስ ሰው እጅ በወረቀት ካልላከላት መልኩን አታይም። ስለዚህ የእኔን ኮትና መነጽር ይዋሳል፣ ከመጋረጃው ፊት ይቆማል፣ ትንፋሹን ይይዝና ይነሳል።

ከዚያ አንተ ማህተሙን አስቀርጸህ ላክህልኝ። ፎቶ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል፣ በሄደበት ሁሉ የቤትሽ ስምና ስልክሽ አብሮ ይሂድ፣ ከዚህ የረከሰ ማስታወቂያ የለም አልክ። ጥሩ ሃሳብ ነበር ወንድምዓለም። ይህን የምልህ ከልቤ ነው፤ ከዚህ በታች ያለውን ስታነብ ራስህን እንዳትወቅስ ብዬ ነው። በየፎቶው ጀርባ እያተምኩ ሰጠሁ።

ስልኬ መጮህ ጀመረ፤ የሚደውሉት ግን ደንበኞች ሳይሆኑ እናቶች ነበሩ። ፎቶው ደጋ ደርሶ ጀርባው ላይ ቁጥር ሲያዩ ልጃቸው ያለበት ቤት ስልክ ይመስላቸዋል። «እስቲ ልጄን አቅርቢልኝ» ይሉኛል፣ ጓዳ ተኝቶ እንደሚጠራ ሰው። መጀመሪያ ላይ ያስቀኝ ነበር። ቆይቼ ለመድኳቸው፤ በደመወዝ ቀን ሠራተኛው ከተማ ሲገባ ደጄ ላይ ቆሜ የእገሌ እናት ሰላም ብላሃለች፣ የእገሌ እናት ላሟ ወልዳለች እያልኩ መልእክት አደርስ ነበር። ይህም ማስታወቂያ ነው ብዬ ተጽናናሁ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከመናኸሪያው ተደወለልኝ። አንድ ሰው ወባ ጥሎታል፣ መናገር አቅቶታል፣ ኪሱ ውስጥ ፎቶ አለ፣ ጀርባው ላይ ያንቺ ቁጥር አለ አሉኝ። ሄጄ አየሁት፤ መልኩን አስታወስኩ፤ ወንድሙ አብርሃ ጅራ ከተማ እንዳለ ነግሮኝ ነበርና አስፈልጌ አስመጣሁለት። ታክሞ ዳነ። ወሬው በየእርሻው ካምፕ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ማህተም የሌለበት ፎቶ የሚቀበለኝ ሠራተኛ የለም። «ማህተሟን አስነኪልኝ» ይላል፣ ጠበል እንደሚያስነካ። አንዱን ለእናቱ ይልካል፣ አንዱን ኪሱ ውስጥ ይከታል። ሁለት ሁለት መግዛት ሆነ። ገበያዬ ደራልህ። አሰልጣኝህ ቢሰማ ለሌላው ምሳሌ ያደርገኝ ነበር።

ቀጥሎ የተደወለልኝ በሕይወት ስላለ ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ የመጡት ጥሪዎችም አብዛኞቹ እንዲሁ ነበሩ። ወባው ዘንድሮ ከፍቷል፤ መንገድ ላይ የሚሆነውን ደግሞ በደብዳቤ አልጽፈውም። በወዲህ በኩል ከሞተ ሰው ኪስ ፎቶ ያወጣ ሰው ይደውላል፤ በወዲያ በኩል ያንኑ ፎቶ ግድግዳዋ ላይ የሰቀለች እናት ትደውላለች። ሁለቱም ያላቸው ቁጥር የእኔ ብቻ ነው።

እኔ ምን ልበል? መርዶ በስልክ አይነገር። ዘመድ አይደለሁም፣ ጎረቤት አይደለሁም፣ የነፍስ አባታቸውን አላውቅ። ሴትዮዋ ገበያ መሀል ቆማ፣ የሰው ስልክ ይዛ፣ የሚደግፋት ሰው በሌለበት፣ ልጅሽ ሞቷል ልበላት? ለካቦዎቹ የአገሩን ልጅ ፈልጋችሁ በአፍ ላኩ እላለሁ። መልእክተኛው እስኪደርስ፣ መንገዱም እንደምታውቀው ነውና፣ እሷ ትደውላለች። «አላየሁትም እማማ፤ እርሻው ሩቅ ነው፤ ኔትወርክ የለም» እላታለሁ። ከዚያ ትመርቀኛለች። ምርቃቱን መስማት ነው ያቃተኝ።

ስልኩን ዝጊው ትለኝ ይሆናል። ሩፊዳም ያንኑ ብላኛለች። ሩፊዳ ከጎኔ ሻይ የምትሸጠው ናት፤ ጦርነቱን ሸሽታ ከወዲያ ማዶ የመጣች። ወንዝ ውስጥ ወርውሪውና «ኸላስ»፣ በቃ ይለቅ፣ አለችኝ አንድ ቀን። ይህን ብላኝ ሳትጨርስ የእሷ ስልክ ጮኸና የሰው ብርጭቆ ደፍታ ሮጠች፤ ካርቱም የቀረ ባሏ ይደውል ይሆናል ብላ የምትጠብቅ ሴት ናት። እኔም ብዘጋው መናኸሪያ ላይ የሚወድቀው የሚቀጥለው ሰው አለ። ቁጥር ብቀይር አሮጌው በየኪሱና በየግድግዳው ተበትኗል። ማተሙን ልተው ብል ሠራተኛው ፊቴ ቆሞ ይለምነኛል። በየትም በኩል መውጫ አጣሁለት።

አሁን የጻፍኩልህ ለምን እንደሆነ ልንገርህ። ከእናንተ ከተማ ግማሽ ቀን በማይሞላ መንገድ፣ ወንዙን ተሻግሮ ካለ የእስቴ መንደር የመጣ፣ ማሩ የሚባል ልጅ ነበር። ነበር ብዬ ጻፍኩ። እጄ ይህን ሲጽፍ የመጀመሪያው ነው፤ ወረቀቱን ትቼ ተነስቼ ነው የተመለስኩት።

ለአረም ነው የወረደው። አንድ ፎቶ ሊነሳ መጣና ዓይኑን ጨፍኖ ወጣ። ይህን ለእናቴ ብልክ ሞተ ብላ ታለቅሳለች ብሎ መለሰልኝ። ደግሜ አነሳሁት፤ ደግሞ ጨፈነ። ሰልፉ ከኋላው ይስቃል። በመጨረሻ ካሜራውን ተወውና እኔን እይ አልኩት፤ ዓይኑ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ እርሻ በማይኖርበት እሁድ ሁሉ ደጄ ላይ ቆሞ እንደ ታክሲ ረዳት መጥራት ጀመረ። «ኑ፣ እናታችሁ የረሳችውን መልክ አስታውሷት!» ይላል። መንገደኛው ሳይወድ ይስቃል፤ የሳቀ ደግሞ ይገባል። የግድግዳውን ፎቶዎች አይቶ ደግሞ ወቀሰኝ። «መልከ መልካሙን ሰቅለሽ ማን ያምንሻል? እሱን ያሳመረው እግዜር ነው። እንደኔ ያለውን ስቀይ፤ ያን ጊዜ ያንች ሥራ ይታያል» አለኝ። የእሱን ሰቀልኩ። እውነቱን ነበር፤ ሰው እያየው «ይህን እንዲህ ካሳመረችው» እያለ ገባልኝ። ያንተን ሥልጠና መናቄ አይደለም፤ ግን በማስታወቂያ ረገድ እንደሱ የጠቀመኝ የለም።

ብዙ ጊዜ አነሳሁት፤ ለማስታወቂያ ይሆነኛል እያልኩ። አንዴ አንችም ግቢበት አለኝ። ካሜራው ራሱ ቆጥሮ የሚያነሳበት ነገር አለው፤ ይሠራ እንደሆነ ልየው ብዬ ገባሁ። ያ ፎቶ ግድግዳው ላይ አልተሰቀለም።

በጥቅምት ሰሊጡ ሲደርስ ወደ ጠረፍ ጠጋ ወዳለ እርሻ ገባ። አጨዳው ሲያልቅ እመለሳለሁ ብሎ ነበር። ሰሊጥ እንደ ማሽላ ቆሞ አይጠብቅም፤ ፍሬው ከተከፈተ መሬት ላይ ይረግፋል። በእነዚያ ቀናት ባለእርሻውም ካቦውም እንደ እብድ ይሆናሉ፣ የታመመ ሰው እንኳ ልረፍ አይልም። ማሩ ትኩሳቱን ይዞ ሲያጭድ ሰነበተ አሉ። ራስ ምታት ነው ይላቸው ነበር።

የደወለልኝ ቢሆነኝ የሚባል ካቦ ነው። በቅጡ ስሙን አናውቀውም፣ የእስቴው ነው የምንለው አለኝ። ካምፑ ውስጥ ሰው በአገሩ ነው የሚጠራው። አጠገባቸው ባለች ቤተ ክርስቲያን እንደቀበሩት፣ ካህን እንደነበረ፣ በሥርዓቱ እንደሆነ ነገረኝ። ኪሱ ውስጥ ከአንዲት ሴት ጋር የተነሳው ፎቶ አለ፣ ጀርባው ላይ ይህ ቁጥር አለ፣ ዘመዶቹን ታውቂ እንደሆነ ብዬ ነው አለ። ቁጥሩን እንዲያነብልኝ አደረግሁት። ሲጨርስ እንደገና አንብብልኝ አልኩት። ሰውዬው ደግሞ አነበበልኝ።

ሰሊጡ የተጫነ ቀን በጭነት መኪናው መጥቶ ፎቶውን በእጄ ሰጠኝ። ከመስጠቱ በፊት ፎቶውን አየ፣ ቀና ብሎ እኔን አየ፣ ባርኔጣውን አወለቀ። «እግዜር ያጥናሽ እህቴ» አለኝ። ለሌሎቹ ጊዜ እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም። ቤቱን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ሩፊዳ በርጩማዋን ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ እስኪመሽ ድረስ በአገሯ ቋንቋ «መዓሌሽ»፣ አይዞሽ፣ ስትለኝ ቆየች። በማግስቱ ከፈትኩ። ጥቁር ልልበስ ብል ማን ሞተብሽ ይሉኛል። ሠራተኛው እየገባ፣ ኮቱን እየለበሰ፣ መነጽሩን እያደረገ ይስቅልኛል፤ እኔም ተነሳ፣ ቀና በል፣ ፈገግ በል እላለሁ። ከካሜራው ኋላ መሆኔ በጀኝ።

ቢሆነኝ መልእክተኛ ፈልጎ ነበር። በካምፑ የነበሩት የእስቴ ልጆች አጨዳው ሲያልቅ ለማሽላ ወደ ሌላ እርሻ ተበትነዋል። አንዱንም አላገኘውም። ስለዚህ ነገሩ እኔ ላይ ቀረ።

እናቱ አይናዲስ ይባላሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ አንድ ተማሪ ቁጥሬን ይመታላቸዋል። የመጀመሪያው ፎቶ የደረሳቸው ጊዜ «ልጄን ኮት አልብሰሽ ሙሽራ አስመሰልሽው» ብለው ሲስቁ ሳቃቸው የእሱ ነበር። ከተቀበረም በኋላ ደውለዋል። ድምፁን ልስማ አሉኝ፤ ኔትወርክ የለም አልኳቸው። ቀጥለው ደወሉ፤ እርሻው ሩቅ ነው አልኳቸው። ያለፈው ቅዳሜ ግን ድምፃቸው ሌላ ነበር። ለገና ካልደረሰ በማግስቱ እኔው እወርዳለሁ፣ የፎቶ ቤቱን ስም አስጽፌ ይዣለሁ፣ መናኸሪያ ላይ ሰው ያሳየኛል አሉ።

መናኸሪያው ላይ ግድግዳዬን የማያውቅ የለም። የማሩን መልክ የማያውቅም፣ መሞቱን ያልሰማም የለም። ገና ከአውቶቡሱ ሲወርዱ አንዱ የማያውቁት ሰው ይነግራቸዋል፣ መንገድ ላይ፣ በባዶ ሆዳቸው። ወይም ደግሞ ይመጡና ልጃቸው ሲስቅ ግድግዳው ላይ አይተው እኔ ፊት ይቆማሉ። ያን አልችለውም ወንድምዓለም። ብቻዬን አልችለውም።

ስለዚህ አንተ ድረስላቸው። የእድር ዳኛ ነህ፤ ነገሩን ከእኔ የበለጠ ታውቀዋለህ። እኔ ግን ካልነገርኩህ አይወጣልኝም። በቀጥታ ወደ እሳቸው እንዳትሄድ። መጀመሪያ የነፍስ አባታቸውን አግኝ፤ ወንድም አላቸው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ነው የሚኖረው ብሎኝ ነበር ማሩ። ከገበያ የተመለሱበት ቀን አይሁን፤ ይደክማቸዋል። ማታውን አንዷ ጎረቤት እራት አብልታቸው ትደር። ንጋት ላይ ግቡ። ልባቸውን ያማቸዋል ይል ነበርና ከኋላቸው የሚይዛቸው ሰው ይቁም። የተቀበረው በቤተ ክርስቲያን መሆኑን ቶሎ ንገሯቸው፤ ያ ነው የሚያሳርፋቸው። ከገና በፊት ይሁን። በዓሉ ቢበላሽም ይበላሽ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ያለፈው ቅዳሜ ስልኩን ሊዘጉ ሲሉ አንድ ነገር ልጠይቅሽ አሉኝ። ማሩ በተመላሽ ሰው ቃል ልኮላቸው ነበር፤ እዚህ አንዲት ልጅ አለች፣ ለገና ይዣት እመጣለሁ ብሎ። ስሟን መልእክተኛው ረስቶታል።

«አንች እዚያው ነሽና ታውቂያት ይሆን?» አሉኝ።

«ከተማው ሰው ይበዛዋል እማማ» አልኳቸው።

«ካገኘሻት ንገሪልኝ። ጥጡን ራሴ ፈትዬ ነጠላ አሠርቼላታለሁ። ጥለቱን አረንጓዴ አርጌዋለሁ። ትወደው ይሆን?»

«ትወደዋለች» አልኳቸው።

እንግዲህ ወንድምዓለም፣ ይህን ሁሉ ሸክም ስለጫንኩብህ አትቀየመኝ፤ ከአንተ ሌላ የምለው ሰው የለኝም። ልጆችህን እቀፍልኝ። ቤትህን ሐዘን አይንካው፤ ደጅህን ክፉ ወሬ ይዞ የሚያንኳኳ አይምጣ፤ የምትሄድበትን መንገድ አምላክ ያቅናልህ፤ በደህና ሂደህ በደህና ተመለስ። ስለ እኔ አታስብ። አለሁ።

ለቅሶው ጋብ ሲል ነጠላውን አውጥተው ያሳዩህ ይሆናል። ያቺ ልጅ ማን ናት፣ ማን ይነግርልኛል ካሉህ፣ ስም አትጥራ፤ ልጅቷ ሰምታለች በላቸው።

ታናሽ እህትህ